የወላጅ ታሪክና የልጅ ትምህርት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ስደተኛና ስለ አገሬው ልጆች ትምህርት ከጠየቃችሁኝ ውስጥ የቻልኩትን ያህል ይኸው።

ጥያቄ፦ የስደተኛ ልጆች ውጤት ዝቅ የሚለው ስደተኛ ስለሆኑ ነው?

መልስ፦ በከፊል ብቻ። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለ15 ዓመት ተማሪዎች የሚሰጠው ፒዛ (PISA) የተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና በብዙ አገሮች የሚያሳየው ይህን ነው፦ የወላጆቻቸው ትምህርትና ኑሮ የሚቀራረብ ልጆች ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነቱ ይጠባል። ከሚተርፈው ውስጥ ቋንቋ አለበት።

ጥያቄ፦ አባቴ በአገሩ መምህር ነበር፤ እዚህ ጽዳት ይሠራል። እኔ የማን ልጅ ተብዬ ነው የምቆጠረው?

መልስ፦ ቅጹ ላይ የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ነህ። ማታ ደብተርህን የሚያገላብጠው ግን መምህሩ ነው። ጥቂቶች ብቻ በሚማሩበት አገር አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሰው፣ ሁሉም በሚጨርስበት አገር ከጨረሰው ጋር አንድ አይደለም። ብዙ የስደተኛ ልጆች ከወላጆቻቸው ደሞዝ አንጻር ከሚጠበቀው በላይ የሚሄዱት አንድም ለዚህ ነው። ገንዘብ ግን አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጸጥ ያለ የማጥኛ ክፍል በገንዘብ ነው የሚገኘው።

ጥያቄ፦ እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ለእኔስ ተስፋ አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ! ጥናት የብዙዎችን አካሄድ ነው የሚናገረው፤ ያንቺን መንገድ አይዘጋም። እኩል ውጤት ካላቸው የአገሬው ልጆች ይልቅ የስደተኛ ልጆች ረጅሙን የትምህርት መንገድ እንደሚመርጡ በተለያዩ የአውሮፓ አገሮች ታይቷል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሚሰናከሉት የት ላይ ነው?

መልስ፦ መገንጠያው ላይ። በአብዛኛው ጀርመን ልጆች ከአራተኛ ክፍል በኋላ፣ በ10 ዓመታቸው ገደማ፣ በተለያየ ዓይነት ትምህርት ቤት ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ወደ ሙያ ያመራል። ፊንላንድ ግን እስከ 16 ዓመት ገደማ አብረው ይማራሉ። ክፍፍሉ ቀደም ባለ ቁጥር የወላጅ ታሪክ ይከብዳል። ሥርዓቱን የሚያውቅ ወላጅ ማንን ማናገር፣ መቼ እምቢ ማለት እንዳለበት ያውቃል።

አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም ሰምቻለሁ። መምህሯ «ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያመራው ትምህርት ቤት ይከብደዋል» አለች። ልጁ «ጎበዝ ነው አለችሽ» አላት። እናትየው ፈገግ ብላ ፈረመች። ይህ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። እባካችሁ፣ ትምህርት ቤቱን አስተርጓሚ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የመጣበት ዕድሜስ?

መልስ፦ ለውጥ አለው። ትምህርት ሳይጀምር የመጣ፣ በአሥራዎቹ ከመጣው ይልቅ ይቀለዋል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ በየትኛው ቋንቋ እናውራ?

መልስ፦ ተረት ልትነግሩበት፣ ልትከራከሩበት በምትችሉት። በማትችሉት ቋንቋ ከልጅ ጋር የሚወራው «ብላ፣ ተኛ» ብቻ ሆኖ ይቀራል።