«ሰርቪሱን አሁኑኑ ከፍለው ይገላገሉ» ሲሏችሁ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ያገለገለ መኪና ከገዙ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ቁልፍ ከመቀበላቸው በፊት የወደፊት ሰርቪሳቸውን በአንዴ እንዲከፍሉ («የሰርቪስ ፕላን» የሚሉት ነው) በዲለሩ፣ ማለትም በመኪና ሻጩ፣ ተጠይቀዋል። ገሚሱ ከፍለዋል። ገሚሱ እያመነቱ ነው።

ጥያቄ፦ የ2019 ቶዮታ ካምሪ ገዛሁ። 58 ሺህ ማይል ሄዳለች። ስንፈርም የ3 ዓመት ወይም የ36 ሺህ ማይል ሰርቪስ ብለው 1,800 ዶላር ብድሩ ላይ ጨመሩብኝ። 6 ጊዜ ሰርቪስ አለው። «በወር 35 ዶላር ብቻ ነው» አሉኝ። በዓመት ከ10 ሺህ ማይል በላይ አልነዳም። ከገዛሁ 2 ሳምንቴ ነው። ተሸወድኩ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ውሉን ይሰርዙት። ዛሬ ነገ ሳይሉ በዚህ ሳምንት።

የላኩልኝን የብድር ወረቀት አይቼዋለሁ። 72 ወር፣ 12 በመቶ ወለድ። በዚህ ስሌት 1,800 ዶላሩ ተከፍሎ ሲያልቅ 2,530 ዶላር ገደማ ይሆናል። ገና ላልተቀየረ ዘይት ከ700 ዶላር በላይ ወለድ ይከፍላሉ ማለት ነው።

አሁን መኪናዋ የሚያስፈልጋትን እንቁጠር። ዘይቷ ሲንቴቲክ ስለሆነ ፋብሪካው በ10 ሺህ ማይል ወይም በዓመት አንዴ ቀይሩ ይላል። በእርስዎ አነዳድ በ3 ዓመት 3 ዘይት ቅያሪ ነው። የቀሩት 3 «ሰርቪሶች» ጎማ ማዟዟር (የፊቱንና የኋላውን ቦታ ማለዋወጥ) እና ኮፈን ከፍቶ ማየት ናቸው። ሰፈርዎ ያለው ጋራዥ ዘይት በ90፣ ጎማ ማዟዟር በ30 ዶላር እንደሚሠራ ጽፈውልኛል። 3 ዘይት 270፣ 6 ጊዜ ጎማ ማዟዟር (ዘይት ሲቀየርም ጭምር) 180፤ በድምሩ 450 ዶላር። ጎማ የገዙበት ሱቅማ ብዙ ጊዜ ማዟዟሩን በነፃ ይሠራል።

ያቺን የፊርማ ክፍል በደንብ አውቃታለሁ። 4 ሰዓት ሙሉ ሲደራደሩ ቆይተዋል። ልጅ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። የሚያስፈርመው ሰው ወረቀቱን ወደ እርስዎ ያዞርና ወርሃዊውን ክፍያ በእስክሪብቶ ያከብበዋል። ጠቅላላ ዋጋው ግን ከታች በደቃቅ ፊደል ነው ያለው። በዚያ ሰዓት ሰው የሚያስበው ቤቱ መግባትን ብቻ ነው። በራስዎ አይፍረዱ።

ብዙ ውሎች አንድም ሰርቪስ ካልተጠቀሙበት በመጀመሪያዎቹ 30 ወይም 60 ቀናት ሙሉ ገንዘቡን ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚመለሰው የቀረው ብቻ ነው። «ስለ ስረዛ» የሚለውን ክፍል ያንብቡ፣ ጥያቄዎን በጽሑፍ ይስጡ፣ ቀኑ ያለበት ኮፒ ይያዙ። አንድ ነገር ግን ይወቁ፦ ገንዘቡ በብድር ስለተከፈለ የሚመለሰው ለእርስዎ ሳይሆን ለአበዳሪው ነው። ወርሃዊ ክፍያዎ ባለበት ይቀጥላል፤ ዕዳዎ ግን ይቀንሳል፣ ብድሩም ቀድሞ ያልቃል። «ክፍያዬ አልቀነሰም፣ አልሰረዙልኝም» ብለው እንዳይደናገጡ። ከ2 ወር በኋላ አበዳሪው ጋ ደውለው ቀሪ ዕዳዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኡበር ነው የምሠራው። ፕሪየስ አለኝ፣ በወር 4 ሺህ ማይል እነዳለሁ። ያንኑ የ3 ዓመት ወይም የ36 ሺህ ማይል ፕላን አቅርበውልኛል። እንደ እኔ ብዙ ለሚነዳ ሰውስ አያዋጣም? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ስለምትነዳ የሚያዋጣህ ይመስላል። ግን ውሉ «3 ዓመት ወይም 36 ሺህ ማይል፣ ቀድሞ የሞላው» ነው የሚለው። ያንተ በ9 ወር ያልቃል። ደግሞ ብዙ ውሎች መኪናውን ለታክሲና ለመሰል ሥራ ለሚያውለው ሰው አይሠሩም። ዲለሩ ጋ ቀጠሮ ይዘህ ስትጠብቅ የሚቃጠለውን ቀንም ቁጠረው።

የታክሱ ጉዳይም አለ። ታክስህን በማይል ሒሳብ (ለሥራ በነዳኸው ማይል ልክ ከገቢህ በሚቀነስ ወጪ) የምታሠራ ከሆነ፣ ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም ነበር፣ ሰርቪሱ እዚያው ውስጥ ተቆጥሯል። የከፈልከውን ለብቻው እንደገና ማስቀነስ አትችልም።

ገንዘብህን ብዙ ሰው ለሚረሳት ነገር አውለው። ከኋላ ወንበር አጠገብ የሃይብሪድ ባትሪው አየር የሚስብባት ፊልትሮ አለች። ባለፈው ወር አንድ መካኒክ ወዳጄ ከአንድ ፕሪየስ አውጥቶ አሳየኝ። የምንጣፍ ብናኝ፣ ፀጉርና የሹራብ ጥጥ ተጋግሮባት እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ሆናለች። ባትሪው በዚያ ውስጥ ነበር የሚተነፍሰው። ቀኑን ሙሉ ሰው እየወጣ እየወረደ ላንተማ ቶሎ ቶሎ ትቆሽሻለች። ማጽዳቱ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ ባትሪ ማስቀየር ግን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዲለሩ «ሰርቪስ እኛ ጋ ካላደረግሽ ዋራንቲሽ ይወድቃል» አለኝ። ሰፈሬ ያለው የሀበሻ ጋራዥ ግን በጣም ጎበዝ ነው። እውነት ነው? (ከሲያትል)

መልስ፦ እውነት አይደለም። በአሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ማግነሰን-ሞስ የሚባል ሕግ አለ። በራስሽ ገንዘብ የምታሠሪውን ሰርቪስ ሌላ ጋራዥ ስላደረግሽ ብቻ የፋብሪካ ዋራንቲሽን ሊከለክሉሽ አይችሉም። መከልከል የሚችሉት ብልሽቱን ያመጣው የዚያ ጋራዥ ሥራ መሆኑን ሲያሳዩ ነው።

ስለዚህ ደረሰኝ ያዢ። ቀኑ፣ ማይሉ፣ የዘይቱ ዓይነት ይጻፍበት። የአገር ልጅ ነው ብለሽ ደረሰኝ መጠየቅ አትፈሪ። ጎበዝ መካኒክ በዚህ አይቀየምም።

ጥያቄ፦ የሰርቪስ ፕላን ገዝቼ ነበር። ካምቢዮው መንሸራተት ሲጀምር «ይሄ አይሸፈንም» አሉኝ። (ከዳላስ)

መልስ፦ በጣም አዝናለሁ። ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አሉ። አንዱ ዘይት፣ ፊልትሮና ጎማ ማዟዟር ነው። ሌላው ብልሽት ሲመጣ የሚከፍል ውል ነው። ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ሁለተኛውን የገዛ መስሎት የመጀመሪያውን ይዞ ይወጣል። በሰርቪሱ ፕላን ውስጥ የፍሬን ሸራ፣ ጎማና ባትሪ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሉም። የፈረሙትን ሁሉ አንድ በአንድ ያገላብጡ፤ አንዳንዴ ሁለቱም ተሽጠው ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ «ይህን ካልገዛህ ባንኩ ብድሩን አይፈቅድም» ተባልኩ። (ከአትላንታ)

መልስ፦ የሰርቪስ ፕላን በፈቃድ የሚገዛ ነገር ነው። «ባንኩ ግዴታ ነው ማለቱን በጽሑፍ ስጠኝ» ይበሉት። ከዚያ ራስዎ ባንኩ ጋ ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። አንድ ጋራዥ የዓመት «ፉል ሰርቪስ» ቅድሚያ ክፈል ይለኛል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። መጀመሪያ ዝርዝሩን ይጠይቁ። የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ ወይም ካንዴላ ካለበት ይተዉት። የእርስዎ መኪና አንዳቸውም የሏትም። የሚያስፈልጋት የጎማ ክትትል፣ የፍሬን ዘይት፣ የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ካላት) እና የውስጥ አየር ፊልትሮ ነው። ጋራዡ የመኪናዎን ሞዴል የሚያነብ የመመርመሪያ ማሽን እንዳለውም በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የ2021 መርሴዲስ ሲ 300 ልገዛ ነው። የ2 ሰርቪስ ፕላን በ650 ዶላር አቀረቡልኝ። ለየብቻ ሲሆን ሰርቪስ ኤ (አነስተኛው) 320፣ ሰርቪስ ቢ (ሰፊው) 610 ነው አሉኝ። ልግዛ? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ለአንቺ ግዢ እላለሁ። ከዲለሩ ውጪ ለማሠራት ሐሳብ ከሌለሽና በጥሬ ገንዘብ ከከፈልሽ 280 ዶላር ይተርፍሻል። ፕላኑ የፋብሪካው የራሱ ነው ወይስ የዲለሩ ብቻ? የፋብሪካው ከሆነ ከተማ ብትቀይሪም ሌላ የመርሴዲስ ዲለር ይቀበልሻል። የዲለሩ ብቻ ከሆነ ግን ከእነሱ ጋር ታስረሻል። ዋጋውም ድርድር አለው፤ ሌላ ዲለር ጋ ደውለሽ አወዳድሪ።

ደግሞ ይህን ሳትጠይቂ አትፈርሚ፦ ዓመቱና ማይሉ መቆጠር የሚጀምረው አንቺ ከገዛሽበት ቀን ነው ወይስ መኪናዋ በአዲስነቷ ከተሸጠችበት? ሁለተኛው ከሆነ አብዛኛው ጊዜ አልቋል ማለት ነው። ያኔ 650ውን አትክፈዪ።