መዝገቡ ላይ የለም ማለት አልተተረጎመም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! ወደ አማርኛ የተተረጎሙ ልብ ወለዶችን ዝርዝር እያዘጋጀሁ ነው። አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ መዝገቡን ሳገላብጥ ግን በልጅነቴ ያነበብኳቸው የሩሲያ ድርሰቶች እንኳ የሉም። ምን ልበል? (አ.መ. ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አልተተረጎሙም እንዳይሉ ብቻ! በዓይንዎ አንብበዋቸው የለም እንዴ?

የሩሲያዎቹ ብዙዎቹ የታተሙት እዚያው ሞስኮ ነው። ፕሮግረስ የሚባለው አሳታሚ በአማርኛ አሳትሞ ይልክልን ነበር። እኛ አገር ማንኛውም ህትመት 3 ቅጂው ለወመዘክር (ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) እንዲገባ የሚያዝ ሕግ ከደርግ ዘመን ጀምሮ አለ፤ የሚይዘው ግን አገር ውስጥ የታተመውን ነው። ዋሽንግተን ያሳተመም በዚያው ያመልጣል። ቴአትሩማ ይብሳል፤ መድረክ ላይ ታይቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ጽሑፉ ሳይታተም የቀረው ስንቱ ነው!

ሌላው ጣጣ ደግሞ መጽሐፉ እያለ አለመገኘቱ ነው። «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ይውሰዱ። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው የማርጋሬት ሚሼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ልብ ወለድ ነው። የአማርኛው ርዕስ የተወሰደው ከመጽሐፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ መዝገቡ ላይ ዋናው ርዕስ አብሮ ካልተጻፈ በቀር በእንግሊዝኛው ርዕስ የሚፈልግ ሰው ቢውል ቢያድር አያገኘውም። በደራሲዋ ስምስ? ሚሼል፣ ሚቼል፣ ሚትቼል... መዝጋቢው የትኛውን እንደመረጠ እግዜር ይወቀው። ይሄ እንግዲህ አገር ያወቀው መጽሐፍ ነው፤ ያልታወቁትን አስቡት!

ዩኔስኮ ያወጣው የነበረው የዓለም የትርጉም መዝገብም ብዙ አያሳርፍም፤ የየአገሩ ቤተ መጻሕፍት የላከለትን ነበር የሚመዘግበው። ያልተላከለት ባዶ ነው።

ስለዚህ በደራሲው መድከሙን ይተዉና በተርጓሚው ስም ይፈልጉ። የውጭ አገር መዝገብ ከሆነ በአባት ስምም ይሞክሩ፣ ገልብጠው የሚጽፉ አሉ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትን ሳያዩ ተስፋ አይቁረጡ፤ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችንም ይጠይቁ፣ አንዳንዶቹ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሲያገኙ ከሽፋኑ ይልቅ የውስጥ ገጹን ፎቶ ያንሱ፤ ተርጓሚው፣ ማተሚያ ቤቱና ዘመኑ ያለው እዚያ ላይ ነው። ዘመኑን ሲጽፉ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለይተው ያስቀምጡ። አለበለዚያ ያው አንዱ መጽሐፍ 7 ወይም 8 ዓመት ተራርቆ ዝርዝርዎ ውስጥ ሁለቴ ይገባል።