ሰባተኛው ስም ጎደለን

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው፤ የምንኖረው ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ነው። የ8 ዓመት ልጄን ሰባት ቤት መቁጠር አስተማርኳት። በእኔ በኩል ሳትንተባተብ ታወርደዋለች። በአባቷ በኩል ግን፣ እናቱንም አባቱንም እየቀላቀልን እንኳ፣ ስድስተኛዋ ላይ ቆምን። ስድስተኛዋ በ1834 ተወልዳ፣ በ1852 በበሬ ጋሪ ከኢሊኖይ ተነስታ ኦሪገን የገባች ሴት ናት (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። እዚህ ደርሳ አገባች፤ በ1899 አረፈች። ይህ ሁሉ አማቴ ዘንድ ባለው የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሰፍሯል። ስሟ የተጻፈው ግን በባሏ ነው። የአባቷን ስም የሚያውቅ የለም። ከየት ልጀምር?
ምራቲቱ፣ ከፖርትላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም ባታገባም የአባቷ ስም አብሯት ይኖራል። እዚያ ጋብቻ ይውጠዋል። እኔ በአንድ የአሜሪካ ከተማ ቤተ መጻሕፍት፣ በታሪክ ክፍሉ ስሠራ፣ መጀመሪያ ሰሞን ይህን ዘንግቼ አንዲትን ሴት በ1850 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ በባሏ ስም ፈለግኳት። አጠገቤ ይቀመጡ የነበሩ አዛውንት አይተው አይተው፣ «ያኔ እኮ አላገባችም» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

ከአንቺዋ ሴት ጋር በአንድ ዓመት ተወልዳ፣ በዚያው በ1852 ከዚያው ከኢሊኖይ የመጣች አንዲት ስመ ጥር ሴት አለች፤ አቢጌይል ስኮት። እናቷ በጉዞው ላይ በኮሌራ ሞቱ። በ1853 ስታገባ ደኒዌይ ሆነች፤ ለኦሪገን ሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችውም በዚህ ስም ነው። ታዲያ ልጅነቷን «ደኒዌይ» ብለሽ ብትፈልጊ ምን ታገኚያለሽ? ምንም። «ስኮት» ማለት አለብሽ። ያንቺዋን «ስኮት» ነው የምንፈልገው።

ከእሷ አትጀምሪ፣ ከልጇ ጀምሪ። ኦሪገን ሞትን በመላ ግዛቷ መመዝገብ የጀመረችው በ1903 ነው። እሷ በ4 ዓመት አመለጠችን። ልጇ ከዚያ በኋላ ከሞተ ግን፣ በምስክር ወረቀቱ ላይ የእናት ስም ከነአባቷ የሚሞላበት ቦታ አለ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ። መረጃውን የሚሰጠው ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። አንዳንዴ ምራት ናት፣ አንዳንዴ የልጅ ባል። እነሱ የሟችን እናት አባት ከየት ያውቃሉ? ስለዚህ የእህት የወንድሞቹንም ወረቀት አውጪ። ሁለት ሦስቱ አንድ ስም ከተናገሩ ጥሩ ነው።

አሁን ወደምወደው ወረቀት ልምጣ። በ1850 በወጣው የኦሪገን የመሬት ስጦታ ሕግ፣ በ1852 የገባ ነጭ ሰፋሪ ሚስት ካለችው ለሁለቱ 320 ኤከር ይሰጣቸው ነበር። በእኛ ልክ ከ3 ጋሻ በላይ ነው። ግማሹ በሚስትየዋ በራሷ ስም! የሚስት ንብረት በባል እጅ በሚወድቅበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። መዘዙም አልቀረም፤ ለመሬቱ ሲባል ገና ልጆች የሆኑ ሴቶች ተድረዋል። መሬቱም ባዶ አልነበረም። ብዙው ሰው የሰፈረበት የዊላሜት ሸለቆ የካላፑያ ሕዝብ አገር ነው፤ በ1856 ግራንድ ሮንድ ወደሚባል፣ ለነባር ሕዝቦች ወደተከለለ ቦታ ተወሰዱ። ልጅሽ ሰባት ቤቷን ስትቆጥር ይህንንም ብትሰማ አይከፋም።

ባልና ሚስቱ ይህን መሬት ወስደው ከሆነ፣ ፋይላቸው በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። ባልየው የትና መቼ እንደተወለደ፣ መቼ መሬቱ ላይ እንደሰፈረ፣ ሚስቱ ማን እንደምትባል፣ የትና መቼ እንደተጋቡ ይናገራል። የእሷ አባት ስም ላይኖርበት ይችላል። ግን የሠርጉን ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የግዛቲቱ ክፍል ነው) እና ቀን ያዝሽ ማለት ነው። የካውንቲው የጋብቻ መዝገብ ደግሞ ሙሽሪትን በአባቷ ስም ነው የሚጽፋት።

ፋይሉን ስታገኚ ምስክሮቹን አትዝለዪ። «አዎ፣ እነዚህ ሰዎች እዚህ መሬት ላይ ኖረዋል፣ አርሰዋል» ብለው የፈረሙ ጎረቤቶች አሉ። ያን 3,000 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ ሰው ብቻውን አይሄደውም ነበር፤ ከዘመዱ፣ ከጎረቤቱ ጋር ነው። የምስክሮቹን ስም ጽፈሽ ያዢ፤ አሁኑኑ እንፈልጋቸዋለን።

የአባቷን ስም ካወቅሽ በኋላ ወደ 1850 የኢሊኖይ ቆጠራ ሂጂ። የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው ፋሚሊሰርች የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል። በቤቱ ያለ ነፃ ሰው ሁሉ በስሙ የተጻፈበት የመጀመሪያው ቆጠራ ይህ ነው። የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ትሆናለች፤ አንድ ሁለት ዓመት ቢዛነፍ አትደንግጪ። ዝምድና ግን አይጽፍም፤ ያ የመጣው በ1880 ነው። ስለዚህ ያገኘሻት ልጅ ለቤቱ ባለቤት የወንድም ልጅም ልትሆን ትችላለች። ያኔ ነው ምስክሮቹ የሚጠቅሙት። እነሱም እዚያው ካውንቲ፣ ሁለት ሦስት ገጽ ወዲያ ማዶ ካሉ፣ ሰፈሩን አግኝተሻል።

1880ንም እግረ መንገድሽን እዪው። አባቷ አብረው መጥተው እሷ ቤት ተጡረው ከሆነ፣ ከቤተሰቡ የተለየ ስም ያላቸው ሽማግሌ ታገኚያለሽ፤ አጠገባቸው «አማት» ይላል።

ኢንተርኔት ላይ ተሠርቶ የተቀመጠ የዘር ሐረግ እንዳያታልልሽ። አንዱ ተሳስቶ ይጽፋል፣ አርባው ይገለብጣል።

የአባትየው ስም ሲረጋገጥ ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጪና የ1840ን ቆጠራ ገጽ ክፈቱ። በስም የተጻፈው የቤቱ ራስ ብቻ ነው፤ ሌላው ቤተሰብ በቁጥር ነው የሰፈረው። ከ5 እስከ 10 ዓመት የሆኑ ሴቶች የሚቆጠሩበትን አምድ በጣትሽ ተከትለሽ ወደ እሱ መስመር ውረጂ። እዚያ 1 የሚል ካለ፣ እሷ ሳትሆን አትቀርም፤ የ5 ወይም የ6 ዓመት ልጅ ነበረች።