ብልጭ ድርግም የሚለው የሞተር መብራት፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ «ቼክ ኢንጅን» መብራት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። በተለይ ዝም ብሎ ከመብራት አልፎ ብልጭ ድርግም ሲል ምን እናድርግ የሚሉ ናቸው። አንዳንዶቹን እነሆ።

ጥያቄ፦ የምነዳው ቪትዝ ነው። ወደ እንጦጦ ስወጣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። ሜዳ ላይ ስደርስ ብልጭታው ይቆማል፤ መብራቱ ግን አይጠፋም። እየነዳሁት ልቆይ?

መልስ፦ አትንዳው፣ ወንድሜ። ዝም ብሎ የበራ መብራት ለጥቂት ቀን ሊታገስ ይችላል። ብልጭ ድርግም ሲል ግን ሲሊንደር ውስጥ የገባው ቤንዚን ሳይቃጠል እየወጣ ነው ማለት ነው። መካኒኮች ሚስፋየር ይሉታል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ላይ ወዳለው፣ የጭሱን መርዝ ወደሚቀንሰው ካታላይዘር ገብቶ እዚያ ይቃጠላል። ያኔ የካታላይዘሩ ሴራሚክ እስኪቀልጥ ድረስ ይግላል። ሴራሚኩ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለበት፤ ውድ የሆነውም ለዚህ ነው።

ዳገት ላይ የሚብሰው ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ካንዴላው እሳት ለመስጠት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ ነው። ቮልቴጁን ለካንዴላው የሚሰጠው ኮይል ደክሞ ከሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። ነዳጅ መስጫውን ቀለል አድርግ። ብልጭታው ከቆመ ቅርብ ወዳለ ጋራዥ ቀስ ብለህ አድርሰው። ካልቆመ ዳር ይዘህ አጥፋውና ይጎተት።

ጥያቄ፦ የእኔም ቪትዝ ነው። ኮምፒውተር ሳስነብብ ፒ0301 የሚል የጥፋት ኮድ አመጣ። መካኒኩ ኮይሎቹን በሙሉ ግዢ አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና ነው፣ አትግዢ! ፒ0301 የሚለው አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አልተቃጠለም ብቻ ነው። ፒ0302 ሁለተኛው፣ ፒ0303 ሦስተኛው ነው። ፒ0300 ከሆነ ችግሩ ከአንድ በላይ ሲሊንደር ላይ ነው ወይም ቦታ ይቀያይራል። ምክንያቱን ኮዱ አይናገርም። ኮይልም፣ ካንዴላም፣ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተርም፣ አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው ባልቦላም ያንኑ ኮድ ያመጣሉ። ሰው በግምት ዕቃ እየገዛ ገንዘቡን ሲጨርስ ማየት በጣም ያናድደኛል። ምርመራው እኮ ቀላል ነው።

ቪትዝ ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል አለው፤ የሚያዘውም በአንድ ባለ 10 ቁጥር ቡሎን ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ከዚያ መካኒኩ የአንደኛውንና የሦስተኛውን ሲሊንደር ኮይል ያቀያይር። አንደኛው በቺንጋው በኩል ያለው ነው። ኮዱ ከተጠፋ በኋላ ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ይሥራ። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ እሱን አንዱን ብቻ ግዢ። አንደኛው ላይ ከቀረ ካንዴላዎቹን በዚሁ መንገድ ያቀያይር። ኮይሉ ሲወጣ ጫፉ ዘይት ከነካው ደግሞ የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ክዳን ጎማ አርጅቶ ዘይት ወደ ካንዴላው ጉድጓድ እያስገባ ነው። ጎማው ሳይቀየር አዲስ ኮይል ብትገዢ እሱንም ያበላሸዋል።

ይህ ሁሉ ለውጥ ካላመጣ ኢንጀክተሩ ይታይ፣ ከዚያም ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት፣ ይለካ። የአንዱ ሲሊንደር ልኬት ከሌሎቹ በጣም ካነሰ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው። ልኬቱ ከፍ ካለ ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ይጠረጠራል። ካልተነቃነቀ ባልቦላው ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ነው።

ጥያቄ፦ ሞተሩን ባሳጠብኩ ማግስት ጀመረ።

መልስ፦ ውሃ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ይሆናል። ኮይሎቹ ይውጡና ጉድጓዱ በኮምፕረሰር አየር ይነፋ። ካንዴላው ግን ከዚያ በፊት አይፈታ፤ ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ መካኒኩ ካንዴላዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መለሰልኝ። ኢሪዲየም ናቸው።

መልስ፦ ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። የኢሪዲየም ካንዴላ ጫፍ በጣም ቀጭን ነው፤ ሲታሽ ይጎዳል። ኦሪጅናሉ ብዙ ጊዜ እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ስለሚያገለግል፣ ጊዜው ከደረሰ መቀየር እንጂ ማሸት አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ባትሪውን ነቅዬ ስመልሰው መብራቱ ጠፋ። ተገላገልኩ?

መልስ፦ አልተገላገልክም። የጠፋው ማስረጃው ነው። ኮምፒውተሩ ጥፋቱ በተፈጠረ ሰዓት የነበረውን የሞተር ፍጥነት፣ ሙቀትና ጭነት ይመዘግባል። ጎበዝ መካኒክ የሚፈልገውም ይህንን ነው። መጀመሪያ ይነበብ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ከዚያ ይጠፋ።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ውስጥ «ካታላይዘሩን ባዶ እናድርገውና ትገላገላለህ» አሉኝ።

መልስ፦ እባክህ እሺ አትበል። ካታላይዘሩን ባዶ ማድረግ ሚስፋየሩን አያድነውም። ይልቅ የኋለኛው ኦክስጅን ሴንሰር ጉድለቱን አይቶ ፒ0420 የሚባል ሌላ ኮድ ያመጣብሃል። ደግሞ ካታላይዘሩ ይቀንሰው የነበረው የጭስ መርዝ የከተማው መንገድ ላይ ነው የሚለቀቀው፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው የሚጠብቁ ልጆች ይተነፍሱታል። መጀመሪያ ሚስፋየሩ ይስተካከል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ በ2012 ፕሪየስ ኡበር እሠራለሁ። ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከደቂቃ በኋላ ደህና ይሆናል።

መልስ፦ ኮይል ከመግዛትህ በፊት የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ ተመልከት። ከ2010 እስከ 2015 በወጡት ፕሪየሶች ላይ የሚታወቅ ችግር አለ። የጭስ መመለሻው፣ ማለትም ኢጂአሩ፣ በጥላሸት ይደፈናል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል። መኪናው ሲያድር ውሃ ወደ ሲሊንደር ይንጠባጠባል፤ ጠዋት የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው። ውሃው ሳይፈስ እየቀነሰ ከሆነ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥር። ቶሎ አስመርምረው፤ ሞተሩ ከጋለ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል።

ጥያቄ፦ ቁልፍ ከፍቼ ሳላስነሳው መብራቱ ትንሽ ቆይቶ ብልጭ ድርግም ይላል። ሲነሳ ይጠፋል።

መልስ፦ ያ ሌላ ነገር ነው፣ አትስጋ። አንዳንድ መኪኖች ኮድ ከተጠፋ ወይም ባትሪ ከተነቀለ በኋላ የራሳቸውን ፍተሻ ገና እንዳልጨረሱ የሚያሳውቁት እንዲህ ነው። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ይተዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የእኔ ቮልስዋገን ዲዝል ነው። ብልጭ ድርግም የሚለው እንደ ጥቅል ሽቦ ያለው ምልክት ነው።

መልስ፦ እሱ የማሞቂያ ካንዴላው ምልክት ነው፣ አባቴ። እየነዱ ሳለ ብልጭ ድርግም ካለ የሞተሩ ኮምፒውተር ጥፋት አግኝቷል ማለት ነው። ኮዱን ያስነብቡ፤ ግን አስቀድመው ሰው ከኋላ አቁመው የፍሬን መብራትዎ መብራቱን ይዩ። ፍሬን ፔዳሉ ላይ ያለችው ትንሽ ስዊች ስትበላሽም ይህንኑ ምልክት ታመጣለች፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው።