አዲስ አኳሪየም ውስጥ ዓሣዎቹ አየር ሲጎርሱ

አዲሱ ገንዳዬ ውስጥ ዓሣዎቹ አየር ይጎርሳሉ፣ ላውጣቸው ወይ ብለው ከጅማ ለጠየቁኝ፦ ዓሣዎቹን ማውጣት አያስፈልግዎትም፤ ዛሬውኑ ከውኃው ሩቡን ይቀይሩ፣ ምግቡንም በሁለት ቀን አንዴ፣ ያውም በቁንጥር ብቻ ያድርጉት። ገንዳው በተሞላ በአምስተኛው ቀን ወደ ላይ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ ያሉት፣ ከዓሣዎቹና ከተረፈው ምግብ የሚመነጨው መርዛማ አሞንያ ስለተከማቸ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ እስኪባዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃልና።

እስከዚያው በየአንድ ወይም ሁለት ቀኑ ሩቡን መቀየርዎን ይቀጥሉ፤ አዲስ ዓሣም አይጨምሩ። የቧንቧውን ውኃ ክዳን በሌለው ባልዲ ለ24 ሰዓት ቢያቆዩት ክሎሪኑ ይወጣለታል፤ የጅማ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ግን ባልዲውን ደጅ ሳይሆን ገንዳው ካለበት ክፍል ያኑሩት። መብራት ከጠፋ በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ፤ ለዓሣውም ለባክቴሪያውም አየር ያስገባል።

ስፖንጁን ግን በቧንቧ ውኃ እንዳያጥቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል። እኔ ባክቴሪያዎቹ ያሉበትን ቡናማ ዝልግልግ ነገር እድፍ መስሎኝ ቧንቧ ሥር ነጭ እስኪሆን ጨምቄ ባጠብኩት በሦስተኛው ቀን ሁለት ዓሣ ሞቶብኛል። ከገንዳው በተቀዳው ውኃ ውስጥ ሁለቴ ጨመቅ ማድረግ ይበቃዋል።