«ካቴና ስላለው ዕድሜ ልክ ነው» የተባልኩትን ጎልፍ ልግዛው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የ2010 (እ.ኤ.አ.) ቮልስዋገን ጎልፍ ተገኝቶልኛል፤ 1.4 ቲኤስአይ ሞተር፣ ቱርቦ፣ ባለ 7 ማርሽ አውቶማቲክ። ጌጁ 187,000 ኪሎ ሜትር ያነባል። ደላላው «የጀርመን ዕቃ ነው፤ ቺንጊያ ሳይሆን ካቴና ስላለው ዕድሜ ልክ አይነካም» ይለኛል። የሰፈራችን መካኒክ ደግሞ «ቱርቦ የሚባል ነገር እንዳትነካ» ብሎኛል። ዋጋው ከቪትዝ ብዙም አይበልጥም። ማንን ልስማ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሁለቱንም ለጊዜው ያቆዩአቸው። በዚህ መኪና ላይ ኪስዎን የሚያራግፈው መጀመሪያ ካቴናው፣ ቀጥሎ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ነው። አየር ወደ ሞተሩ አጥብቆ የሚነፋው ቱርቦ ሦስተኛ ይመጣል።

ከካቴናው እንጀምር፤ ከፒስቶኖቹ ጋር የሚዞረውን ክራንክ ባልቮላዎቹን (የአየርና የጭስ በሮቹን) ከሚከፍተው ካምሻፍት ጋር አያይዞ የሚያዞር ሰንሰለት ነው፤ ቺንጊያ ያለው ሞተር ይህን የሚሠራው በላስቲክ ቀበቶ ነው። ይህ 1,390 ሲሲ፣ 122 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ፋብሪካው ኢኤ111 ከሚለው ቤተሰብ ነው፤ በካቴናው የታወቀውም በክፉ ነው። ካቴና ረዘመ ሲባል ብረቱ እንደ ላስቲክ ተሳበ ማለት አይደለም። በየመጋጠሚያው ያሉት ፒኖች ትንሽ ትንሽ ይበላሉ፤ የሁሉም ክፍተት ሲደመር ካቴናው ይላላል። ካቴናውን የሚወጥረው ዕቃ በሞተር ዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። አውሮፓ ውስጥ ብዙዎቹ መኪኖች እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ድረስ በአንድ ዘይት ይነዱ ስለነበር ፒኖቹ በቆሸሸ ዘይት ሲፋተጉ ኖረዋል። የላላ ካቴና አንድ ጥርስ ከዘለለ ባልቮላና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ ባልቮላው ይጎብጣል፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ለጥገና ይወርዳል።

ስለዚህ መኪናውን ማለዳ፣ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮበት ይዩት። ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሳው ይንገሩት፤ ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱ። ሞቅ ካለ ይመለሱና በሌላ ቀን ይምጡ። ኮፈኑን ከፍተው ጆሮዎን በካቴናው ክዳን በኩል ያድርጉና ሌላ ሰው ያስነሳው። ሽምብራ በቆርቆሮ ውስጥ የተናጠ የሚመስል ኳኳታ ከ1 እስከ 3 ሰከንድ ከተሰማ ካቴናው ወይም ወጣሪው አልቋል። ድምፁ ወዲያው ስለሚጠፋ ሻጩ «ዘይት እስኪደርስ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ዘይት እስኪደርስ ድረስ የሚንጓጓው ግን ላላ ያለ ካቴና ነው። የመመርመሪያ ኮምፒዩተር ሲገባ ፒ0016 የሚል ኮድ ከወጣ የካምሻፍቱና የክራንኩ አቀማመጥ ተዛንፏል ማለት ነውና እዚያው ያቁሙ።

ሲቀየር ካቴናው ብቻ አይቀየርም። ወጣሪው፣ መምሪያ ፕላስቲኮቹ፣ ጥርሶቹ፣ የክዳኑ ጓርኒሲዮን፣ አንዴ ከተፈቱ የማይደገሙት ብሎኖች፣ ዘይትና ፊልትሮ አብረው ይገዛሉ። ሥራው ካምሻፍቱንና ክራንኩን የሚቆልፍ መሣሪያ ይፈልጋል። «በቀለም ምልክት አድርጌ እገጥመዋለሁ» ለሚል መካኒክ ይህን ሞተር አይስጡ።

አሁን ካምቢዮው። ባለ 7 ማርሹ ዲኤስጂ እንደ ቪትዙ አውቶማቲክ በዘይት የሚሠራ አይደለም፤ ውስጡ ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኙና የሚያላቅቁ ሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን አሉ፤ እነሱን የሚያዝዘው ሜካትሮኒክ የሚባል ኮምፒዩተርና የዘይት ግፊት የተጣመሩበት ክፍል ነው። ችግሩ የአንድ መኪና ዕጣ አይደለም፤ ቮልስዋገን በ2013 (እ.ኤ.አ.) በቻይና ብቻ 384,181 መኪኖችን በዲኤስጂ ምክንያት ለጥገና መልሶ ጠርቷል። ደረቅ ፍሪሲዮን የሚጠላው ዝግ እያሉ መሄድን ነው፤ ገበያ አካባቢ በባጃጅ መሀል አሥር ሜትር ሄዶ መቆም፣ አሥር ሜትር ሄዶ መቆም።

ፈተናውም እዚያው ይሁን። በቀትር፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሞቆ፣ ነዳጅ ሳይረግጡ ፍሬኑን ብቻ ለቀው ሃያ ጊዜ ያህል ያስነሱት። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲያልፍ መሪው ላይ የሚሰማ መንቀጥቀጥ ካለ ፍሪሲዮኑ ተበልቷል። የኋላ ማርሽ ለመግባት ካመነታ፣ የማርሽ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወይም ኮምፒዩተሩ ፒ17ቢኤፍ ካወጣ ጥፋቱ የሜካትሮኒኩ ግፊት ነው። አዲሱ ሜካትሮኒክ ከመኪናው ጋር በኮምፒዩተር ካልተዋወቀ አይሠራም። ስለዚህ መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት ይህን የሚሠራ ጋራዥ ባሕር ዳር ውስጥ ያግኙ፤ ካጡ መኪናው በተበላሸ ቁጥር አዲስ አበባ ድረስ በሎቤድ መጫን ሊኖርብዎ ነው።

መካኒክዎ የፈራው ቱርቦ እንዲያውም ለባሕር ዳር ይስማማል። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ቱርቦው ግን ፈጥኖ በመሽከርከር ያካክሳል። በዚያው ልክ አንዲት የአየር ቱቦ ስንጥቅ ካለች ቱርቦው ከአቅሙ በላይ ይሮጣል። ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሱ ኮምፒዩተሩ ላይ የማኒፎልዱን ግፊት ያንብቡ፤ 815 ሚሊባር አካባቢ መሆን አለበት። 1,000 ካለ ሴንሰሩ ይዋሻል፤ ያ ቁጥር የባሕር ጠለል እንጂ የጣና ዳር አይደለም።

ከዚያ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይውጡ። ማርሹን በእጅ ሦስተኛ ላይ ያድርጉ፣ ከ1,500 ዙር ጀምሮ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይርገጡ። የዚህ ሞተር ሙሉ ጉልበት፣ 200 ኒውተን ሜትር፣ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ካንገራገረና የቱርቦው ግፊት አነሰ የሚለው ፒ0299 ኮድ ከመጣ ብዙውን ጊዜ የቱርቦው የጋዝ መልቀቂያ በር ዘንግ ዝጎ ተጣብቋል። ቱርቦው ከፊት፣ ከራዲያተሩ ኋላ ስለሆነ ሲበርድ ዘንጉን በእጅ መሞከር ይቻላል፤ ሳይንገጫገጭ ሄዶ በራሱ መመለስ አለበት። ስትወርዱ ነዳጅ ሳትነኩ በማርሽ ብሬክ ውረዱና ታች ላይ ድንገት ርገጡ፤ አብሮዎ ያለው ሰው ወደ ኋላ ይመልከት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ ከፋሻ (ከፒስቶን ቀለበት)፣ ከባልቮላ ጎማ ወይም ከቱርቦው።

የውሃውን ጣሳ ሳይከፍቱ አይሂዱ፤ ሲበርድ ብቻ። ሮዝ ወይም ሐምራዊ የጂ12 ፈሳሽ መሆን አለበት። ተራ ውሃ ካዩ ይጠንቀቁ፦ በዚህ ከፍታ ውሃ በ94 ዲግሪ ይፈላል፤ ሞተሩ ደግሞ የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው። ከመፍላት የሚያግደው የክዳኑ ግፊት ብቻ ስለሆነ ያረጀ ክዳን ባለበት ተራ ውሃ መጨመር ቴስታታን መቀቀል ነው።

ቤንዚኑም ነገር አለው። በነዳጅ ክዳኑ ውስጥ 95 የሚል ቁጥር ያያሉ። በጀሪካን የሚሸጠው፣ ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት የሚችለው ቤንዚን ለዚህ ሞተር አይሆንም፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው የነዳጅ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በቤንዚኑ ነው። ዘይቱ 502 00 የሚል የቮልስዋገን ደረጃ የተጻፈበት 5-40 ይሁን፤ የሚገባው 3.6 ሊትር ነው። ፋብሪካው በዚህ ዘይት 15,000 ኪሎ ሜትር ቢፈቅድም እርስዎ በ7,500 ይቀይሩት። 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ግማሽ ሊትር ዘይት የሚጠጣ ሞተር የፋብሪካው ወሰን ላይ ደርሷል።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ በሊብሬው ላይ ያሉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ከመኪናው ጋር ይመሳከሩ፤ ቦሎው የዘንድሮ ይሁን፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄደው ያጣሩ፤ በቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን ሳያዩ ቀብድ አይስጡ።

ውሳኔው፦ ይህን ባለ 7 ማርሽ በተጠየቀው ዋጋ አይግዙት። የቤንዚን መኪና ወደ አገር መግባት ከ2016 ወዲህ በመከልከሉ ሻጮች ዋጋ አይቀንሱም፤ ቢሆንም የካቴናው ሙሉ ወጪ ካልተቀነሰልዎና ካምቢዮው ሃያውን መነሳት ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ ካላለፈ ቪትዙ ይሻልዎታል። ይኸው ሞተር በ6 ማርሽ ማኑዋል ከተገኘ ግን ካቴናው በደረሰኝ ተቀይሮ ከሆነ ያለ ስጋት ይግዙት። አንድ ነገር ብቻ፦ ባትሪ ሲደክም ገፍተው አያስነሱት፣ ዳገት ላይም በማርሽ ብቻ አያቁሙት። ወጣሪው ዘይት ባልደረሰው ሰዓት ጎማው ሞተሩን ሲያዞር ካቴናው የሚዘልለው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔም ጎልፍ 1.4 ቲኤስአይ ነው። ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ከፊት በኩል «እዝዝ» የሚል ድምፅ ለደቂቃዎች ይቆያል። ባትሪ እየጨረሰብኝ ይሆን?
ከወረታ

መልስ፦ ጤና ነው። ቱርቦውን የሚያቀዘቅዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ የውሃ ፖምፓ አለ፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እስከ 15 ደቂቃ ሊሠራ ይችላል። ባትሪውን ነቅለው ዝም አያሰኙት፤ ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። ዳገት በኃይል ወጥተው ከሆነ ብቻ ከማጥፋትዎ በፊት አንድ ደቂቃ በሚኒሞ ያቆዩት። ሊያሳስብዎ የሚገባው ድምፁ ጭራሽ መሰማት ያቆመ ዕለት ነው፤ ያኔ ፖምፓውንና ፊውዙን ያሳዩ።