የአንባቢያን ጥያቄ፦ ብሮክን ሂል በመኪና

ጥያቄ፦ በጁላይ የትምህርት ቤት ዕረፍት ከ4 እና ከ9 ዓመት ልጆቻችን ጋር ከሜልበርን ብሮክን ሂል ለመሄድ አስበናል። ማልደን ተነስተን በአንድ ቀን ብንገባ ይሻላል ወይስ መንገድ ላይ እንደር? ከተማው ውስጥ የእርሳስ ብናኝ አለ መባሉም አስግቶናል። (ከፉትስክሬይ)

መልስ፦ ሚልዱራ እደሩ። መንገዱ 840 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለልጆች እየቆማችሁ የምታርፉት ታክሎበት ከዐሥር ሰዓት በላይ ይፈጃል። በጁላይ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው (ሰዓቱን የጻፍነው በሐበሻ አቆጣጠር ነው)። በአንድ ቀን ለመግባት ከሞከራችሁ የመጨረሻውን በረሃ የምታቋርጡት ሲመሽ፣ ካንጋሮ ለግጦሽ ወደ አስፋልቱ ዳር በሚወጣበት ሰዓት ነው።

ከሚልዱራ የሚቀረው 300 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብትነሱ ለምሳ ትደርሳላችሁ። ነዳጅ ሚልዱራ ወይም ዌንትዎርዝ ላይ ሙሉ። መሀል ላይ ኩምባ የምትባል ማረፊያ አለች፤ ግን እሷን ተማምኖ ግማሽ ታንክ ይዞ መውጣት ሞኝነት ነው። ስኮርታው ንፋስ እንዳለው፣ ክሪኩ መኖሩን ከቤት ሳትወጡ እዩ። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 5 ሊትር ውሃ ያዙ። መኪናው ቢቆም ከመኪናው አትራቁ፤ ፈላጊ ቀድሞ የሚያየው መኪናውን ነው።

ካንጋሮ ድንገት ከገባ ፍሬን ያዙ እንጂ መሪ አትጠምዝዙ። በ110 ፍጥነት መሪ የጠመዘዘ መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ ይገለበጣል። አንዱ ካለፈ በኋላም ወዲያው አትፍጠኑ፤ ሌላ ሊከተለው ይችላል።

ሮድ ትሬን የሚሉት ባለ ሁለት ተሳቢ መኪና ርዝመቱ 36 ሜትር ያልፋል። እሱ በ90፣ እናንተ በ110 ብትሄዱ ለመቅደም 15 ሰከንድ ያህል ይፈጅባችኋል፤ በዚያ ጊዜ 450 ሜትር ትጓዛላችሁ። ከፊት የሚመጣውም ያንኑ ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ጥርት ብሎ ካልታያችሁ አትውጡ። ተጠግታችሁም አትከተሉት፤ ጎማው የሚተፋው ጠጠር መስታወት ይሰብራል።

እርሳሱ እውነት ነው። ከተማው ከ1880ዎቹ ጀምሮ ብር፣ እርሳስና ዚንክ ሲቆፈርበት የኖረ ነው፤ ብናኙም አፈሩ ውስጥ አለ። የጥቂት ቀን ጉብኝት የሚያስቀር አይደለም። ትልቁ ጥንቃቄ ለ4 ዓመቱ ልጅ ነው፦ እጁን ወደ አፉ ይልካልና ባዶ መሬት ላይ አይጫወት፣ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጫማ በር ላይ ይውለቅ። የቧንቧ ውሃ ጠጡ፤ ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ግን አትጠጡ።

ጥያቄ፦ ብሮክን ሂል ስንደርስ ሰዓታችንን እንቀይር? (ከሲድኒ)

መልስ፦ አዎ፣ በግማሽ ሰዓት ወደኋላ። ከተማው የኒው ሳውዝ ዌልስ ቢሆንም የሚጠቀመው በአደሌድ ሰዓት ነው። ባቡር በ1888 ያገናኘው ከደቡብ አውስትራሊያ ጋር ነበር፤ የሲድኒው ሐዲድ የደረሰው በ1927 ነው። የመኪናችሁ ሰዓት በራሱ ላይስተካከል ይችላል።

ይህ በተለይ ምሽት ላይ ይጠቅማችኋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ በ1993 የተቀረጹ 12 የድንጋይ ሐውልቶች አሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ድንጋዩ ይቀላል። ከታችኛው መኪና ማቆሚያ ወደ ላይ 20 ደቂቃ ያህል በእግር ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ውጡ፤ ሲመሽ በሩ ይዘጋል። ጃኬት አትርሱ፤ የክረምቱ ምሽት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ቀን ላይ ደግሞ አፍጋን የሚባሉት ግመል ነጂዎች የሠሩትን ቀይ የቆርቆሮ መስጊድ እዩ፤ ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከዚያ ወደ አደሌድ ስንቀጥል ስንቅ መያዝ ይቻላል? (ከሜልበርን)

መልስ፦ ድርቆሽና ዳቦ ይቻላል። ፍራፍሬ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ግን በፍራፍሬ ዝንብ ምክንያት ኡድላ ዊራ ኬላ ላይ ይወሰድባችኋል፤ ደብቆ የተገኘም ይቀጣል። ሰላጣችሁን ከዚያ በፊት ጨርሱት።